መንገድ ዘግቶ ማብላት

አሁን ጎንደር ተቀምጬ ፀሐይ ስትጠልቅ ባየሁ ቁጥር እጄ ተምር ይፈልጋል። ረመዳን ሆነም አልሆነም ይፈልጋል። እዚህ ፀሐይ ገና ሳትጠግባት ከተራራ ኋላ ትገባለች። ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ ግን መሬቱ ሜዳ ስለሆነ እስከ መጨረሻዋ ጭላንጭል ድረስ ትታያለች። ሰሊጡ ከታጨደ በኋላ ያ ጥቁር መሬት ተሰነጣጥቆ፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዛፍ ሳይኖርበት፣ ፀሐይዋ ቀልታ ስትወርድ ያየ ሰው ሌላ ቦታ ያለው ምሽት አይጥመውም። እኔን አልጣመኝም። ጎረቤቶቼ ይስቁብኛል፤ "ከዚያ ሐሩር ወጥተሽ ደግሞ ትናፍቂያለሽ?" ይሉኛል። አዎ፣ እናፍቃለሁ። ማንም ደስ ባይለውም እናፍቃለሁ።

አባቴ ከጎንደር ሄዶ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጥ የነበረ ሙስሊም ነጋዴ ነው። እኔም እዚያው አደግሁ፣ እዚያው ተማርሁ፣ በመጨረሻም እዚያው ካለ ዩኒቨርሲቲ የውጭ ተማሪዎች ክፍል ተቀጠርሁ። ክፍል ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ክፍሉ እኔ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ የማይሠራ ማራገቢያ ነበርን። የውጭ ተማሪም አልነበረውም። እኔ ግን ከኢትዮጵያ በኩል የእርሻ ተማሪዎች መጥተው አንድ መንፈቅ ቢማሩ፣ የሰሊጡንና የማሽላውን እርሻ ቢያዩ፣ ዐረብኛም ቢለምዱ ብዬ አለቆቼን ለዓመታት ነዘነዝኋቸው። ድንበሩ እኮ ቅርብ ነው። ሰሊጡም ያው ሰሊጥ ነው፤ ከወዲህና ከወዲያ የሚያጭደው ሰው ግን አይተዋወቅም።

በመጨረሻ ሰለቸኋቸው መሰለኝ እሺ አሉ። "አንድ ጊዜ እንሞክር" አሉኝ። "መንፈቁን ከጨረሱ እንቀጥላለን። መሐል ላይ ጥለው ከሄዱ ግን ሁለተኛ ይህን ነገር እንዳታነሺብን።" እኔም እንደማይሄዱ አፌን ሞልቼ ተናገርሁ። ምን አውቄ እንደ ተናገርሁ እኔ እንጃ።

የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች ድንበሩ ላይ፣ ጋላባት ድረስ ሄጄ ተቀበልኋቸው። ከመተማ በኩል ሻንጣቸውን እየጎተቱ፣ ላባቸው እየተንጠባጠበ፣ ተጠጋግተው መጡ። የመጡበት መንገድ ያን ሰሞን ክፉ ነበር። ከጎንደር መተማ ያለው መንገድ ላይ መኪና እያስቆሙ ሰው ይወስዱ ነበር፤ ከዚያ ለቤተ ሰቡ ደውለው ገንዘብ አምጡ ይላሉ። ልጆቹ ያን ሁሉ መንገድ ትንፋሻቸውን ውጠው ነው የመጡት። ድንበሩን ሲሻገሩ ከፊታቸው ላይ አንድ ነገር ሲወርድ አየሁ። አንደኛው ልጅ ወዲያው መቀለድ ጀመረ፤ የቡድኑ ተጫዋች እሱ እንደ ሆነ ገባኝ።

ከመካከላቸው አንዲት ቀጭን የደንቢያ ልጅ ነበረች፤ ሽሮና በርበሬ የሞላበት ፌስታል በሁለት እጇ አቅፋለች። ሰላም ከማለቷ፣ "እትዬ፣ ቤተ ክርስቲያን አለ?" ብላ ጠየቀችኝ። አለ አልኋት፤ ሐበሾቹ የሚሰበሰቡባት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ከተማው ውስጥ ነበረች። ጊዜው ለእነሱ ሁዳዴ፣ ለእኛ ረመዳን ነበር። ሁለቱ ጾሞች ተደራርበዋል። እናቷ እዚህ አገር ሥጋ እንዳትበላ እንዳስማለቻት በኋላ ነገረችኝ። እንዲህ ያለው ነገር አይገርመኝም፤ እኔም ትንሽ ሆኜ ጎንደር ዘመድ ጥየቃ ስሄድ እናቴ በተራዋ አስምላ ነበር የምትልከኝ።

አውቶቡሱ እንደ ተነሣ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግሬን ጀመርሁ። ስንት ቀን የተለማመድሁት ንግግር ነው። ወታደርና ድልድይ ፎቶ አታንሱ አልኋቸው። በግራ እጃችሁ አትቀበሉ። ሻይ ስትጠጡ ስኳሩ በዛ አትበሉ፣ ይቀየሙባችኋል። "ነገ፣ ኢንሻላህ" ካሏችሁ የዛሬ ሳምንት ማለት ነው፤ "ኢንሻላህ" ብቻ ካሏችሁ ተውት። ልጆቹ ሳቁ። ልጅቷም ሳቀች፤ ከዚያ ትከሻዬ ላይ ጋደል ብላ እንቅልፍ ወሰዳት። ስለ ምሽቱ ግን አንድም ቃል አልተናገርሁም። እንዴት ትዝ ይበለኝ? ገዳሪፍ ያደገ ሰው ስለዚያ ነገር ለሰው ማስረዳት አያስፈልገውም፤ ፀሐይ መጥለቋን እንደ ማስረዳት ነው።

ዶካ የምትባለውን ከተማ አልፈን ጥቂት እንደ ሄድን ፀሐይ መሬቱን ነካች። ሾፌሩ ሰዓቱን እያየ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጾመኛ ነው። እኔም ምላሴ ደርቋል። ይኼኔ ከፊታችን ነጭ ጀላቢያ የለበሱ ሰዎች ከመንደሩ ወጥተው አስፋልቱን ዘጉት። ሁለቱ ረጅም ጥምጣማቸውን ፈተው ከዚህ እስከዚያ መንገዱ ላይ ገትረው ይዘዋል። ሌሎቹ ዱላ እያወዛወዙ ይጮኻሉ። ሾፌሩ ፍሬን ይዞ "አልሐምዱሊላህ!" አለ፤ ፊቱ በራ።

ልጅቷ በዚያ ቅጽበት ነቃች። የምታየው ይህ ነው፤ የተዘጋ መንገድ፣ ዱላ የያዘ ወንድ፣ እየጮኸ ወደ በሩ የሚሮጥ ሰው። "ወሰዱን!" ብላ ጮኸች። ተጫዋቹ ልጅ ሳይቀልድ ወንበር ሥር ገባ። እሷ ክንዴን በጥፍሯ ያዘችኝ።

"እትዬ፣ ሽፍታ ነው! ኧረ በማርያም ይንገሯቸው፤ አባቴ ምንም የለው! ቢደውሉም የሚሸጠው ነገር የለው ይበሏቸው!"

እኔን ሳቅ አሸነፈኝ። ምን ላድርግ? ነገሩን የማያውቅ ሰው ካለ ልንገረው፤ በዚያ አገር በረመዳን መንገድ ዳር ያለ መንደር ሁሉ ማፍጠሪያ ሲደርስ ምግቡን አስፋልት ዳር ያወጣል፤ ከዚያ መኪና ያስቆማል። መንገደኛ ሳያፈጥር በደጃቸው ካለፈ ነውር ነው። ለምነው አይደለም የሚያስቆሙት፤ ዘግተው ነው። እምቢ ያለ ሾፌር ሲያልፍ ከኋላው ይሰድቡታል። እኔ በልጅነቴ ከአባቴ ጋር ሾዋክ የምትባል ከተማ ስንሄድ በስንቱ መንደር እንዲህ ተይዘን በልተናል።

ያንን እየሳቅሁ ነገርኋት። ሳቄ ግን አስቀየማት። እንባዋን ጠርጋ፣ "እኔ ነገ እመለሳለሁ" አለችኝ። "ይኼን ሁሉ መንገድ ስንቀጠቀጥ መጥቼ፣ ደግሞ እዚህ እየደነገጥሁ መንፈቅ አልኖርም። ነገ እመለሳለሁ፣ እትዬ።" ከወንበር ሥር የወጣው ልጅም ቀና ብሎ አያት፤ የቀሩትም አዩዋት። እሷ ከሄደች ማን ሊቀር ነው? ሳቄ እዚያው ደረቀ።

በሩ ላይ አንድ ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ ተምር በመዳፋቸው ይዘው ቆመዋል። "አፍጢሩ! አዛን ብሏል፣ ውረዱ!" ይላሉ። ከዚያ ልጅቷን አዩና፣ "ምን ሆና ነው የምታለቅሰው?" አሉኝ። እኔም በዐረብኛ፣ "በመጡበት በኩል መንገድ የሚዘጋው ሰው ሊወስድ ነው" አልኋቸው። ሽማግሌው ወደ መንገዱ ተመልሰው ያን የተገተረ ጥምጣም ራሳቸው ጠቅልለው ከአስፋልቱ አነሡት። ሰዎቹንም ከበሩ ፈቀቅ አደረጓቸው። ሚስታቸውን ጠሩ።

ሚስትዮዋን ሁሉም ሐጃ ነው የሚሏቸው፤ እኔም ከዚያች ቀን ጀምሮ ሐጃ አልኋቸው። ቶባቸውን፣ ያን የሱዳን ሴቶች የሚከናነቡትን ረጅም ጨርቅ፣ እየሰበሰቡ አውቶቡሱ ላይ ወጡ፤ ጣታቸው ላይ የማሽላ ዱቄት አለ። ልጅቷ አጠገብ ተቀመጡና እጇን ያዙ፤ እንዲያው ዝም ብለው ያዙ። ልጅቷ እጇን ልትነጥቅ ሞከረች፤ ከዚያ ተወችው። ጥቂት ቆይተው ተነሡ፤ እሷም አብራ ተነሣች። ወንዶቹ ልጆች ምንጣፉ ላይ ከሽማግሌው ጋር ቀሩ፤ እኛ ወደ ሴቶቹ ግቢ ገባን።

ትሪው ላይ የማሽላ ገንፎ አለ፤ ከላዩ የደረቀ ሥጋ የተፈጨበት ወጥ ፈሶበታል። አጠገቡ ወተት። ልጅቷ አየችውና አንገቷን ደፋች። "ጾም ላይ ነኝ ይበሏቸው" አለችኝ። ብዬ ስነግራቸው ሐጃ ደረታቸውን መቱ።

"ወይ ልጄን! አዛን እኮ ብሏል! እስካሁን ማን አስጾማት?"

እንግዲህ አስረዳሁ። የእነሱ ጾም ፀሐይ ስትጠልቅ አይፈታም፤ ሥጋም ወተትም እንቁላልም ሳይነካ ሃምሳ አምስት ቀን ነው አልሁ። ሴቶቹ መብላቱን ተዉት። "ማታም?" አለች አንዷ። "ማታም።" "ወተትም?" "ወተትም።" ሐጃ ልጅቷን ከላይ እስከ ታች አዩዋት፤ ቀጭን መሆኗ አሁን የገባቸው ይመስላሉ። ባትጾምም ሥጋችንን እንደማትበላ ግን አልነገርኋቸውም። ደግሰው ለጠበቁ ሰዎች ያን መናገር አፌን ያዘኝ። ሐጃ ግን የድንበር ሰው ናቸው፤ ከሐበሻ ጋር ሲገበያዩ ነው ያረጁት። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "አውቃለሁ፤ ሥጋችንን አይበሉም። እኛም የነሱን አንበላም" አሉኝ። ተነሥተው ወደ ማድ ቤት ሄዱ።

ሲመለሱ ጎድጓዳ ሣህን ይዘዋል። በሊላ ነው፤ የተቀቀለ ሽምብራ፣ ጨውና ሰሊጥ ዘይት ጠብ ያለበት። በረመዳን ከየቤቱ አይጠፋም። ልጅቷ ፊት አስቀመጡትና፣ "ይኼን ቢላ አልነካውም በያት" አሉኝ።

ልጅቷ ሣህኑን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ። "እትዬ፣ ይኼ እኮ ንፍሮ ነው!" አለች። ፊቷ እንደ ሕፃን ሆነ። አንድ ጭብጥ ዘግና በላች፤ ሁለተኛም ዘገነች። ሐጃም ገንፏቸውን ትተው ከእሷ ሣህን በሉ። እኔ በዚያች ምሽት ምን እንደ በላሁ አላስታውስም፤ እሷ የበላችውን ግን እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ዩኒቨርሲቲው ግቢ ስሄድ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ደብተሯን ይዛ፣ ከሁሉም ቀድማ ቆማ አገኘኋት። ስለ መመለስ አላነሳችም፤ እኔም አላስታወስኋት።

የዚያን መንፈቅ ነገር ሳስበው ሆዴ ይባባል። አርብ በመጣ ቁጥር መኪና ተሳፍራ ሐጃ ዘንድ ትሄድ ነበር። ዐረብኛውን ከመምህሮቿ ይልቅ ከሐጃ ነው የለመደችው፤ ስለዚህም የሰባ ዓመት የገጠር ሴት ይመስል ነበር አነጋገሯ፤ ክፍል ውስጥ አፏን ስትከፍት ሱዳኖቹ ተማሪዎች በሳቅ ይሞታሉ። እሷም በተራዋ ሐጃን በሊላ ላይ ሚጥሚጣ መነስነስ አስለመደቻቸው። ሽማግሌው ሲያዩዋት ጥምጣማቸውን ፈትተው ደጃፉ ላይ ይገትሩባታል፤ "ዘግቻለሁ! አባትሽ ጋ ልደውል!" ይሏታል። መጀመሪያ ታፍር ነበር። ረመዳኑ ሊያልቅ ሲል ግን፣ ሴት መንገድ ላይ ወጥታ መኪና ማስቆም በማይገባበት አገር፣ የጥምጣሙን አንድ ጫፍ እሷ ያዘች። ሽማግሌው ናቸው የፈቀዱት። አንድ የጭነት መኪና አላቆምም ሲል ዱላ አንሥታ ስትሮጥበት በዓይኔ አየሁ። ያቺ "አባቴ ምንም የለው" ያለች ልጅ!

ሁሉም መንፈቃቸውን ጨርሰው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ሌሎች መጡ። እነዚያን አውቶቡስ ላይ አስቀድሜ ስለ ምሽቱ ነገርኋቸው። ማንም አልጮኸም፤ ማንም ወንበር ሥር አልገባም። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቅር ይለኝ ነበር።

ጦርነቱ የተጀመረው በረመዳን ነው። መጀመሪያ ካርቱም ነው አልን፣ ሩቅ ነው አልን። ከዚያ ሰዉ ፍራሹን ተሸክሞ ገዳሪፍ ገባ። ትምህርት ቆመ። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ተፈናቃይ ሰፈረ፤ የእኔም ክፍል ላንድ ቤተ ሰብ ተሰጠ፤ ጠረጴዛዬ ላይ መንታ ልጆች ይተኙ ነበር። ደስ ብሎኛል፤ ቢያንስ ለአንድ ነገር ዋለ። ሽማግሌው በዚያ መሐል አረፉ፤ በጥይት አይደለም፣ በስኳር በሽታ ነው። ልጆቻቸው ተበታትነዋል። ሐጃ ብቻቸውን ቀሩ።

በሚቀጥለው ዓመት ክረምት ጦርነቱ ወደ እኛ ቀረበ ተባለ። ገበያው ተዘጋ፤ እኔም ወደ አባቴ አገር ልሻገር ተነሣሁ። ለልጅቷ ደወልሁላት። ተመርቃ ከመተማ አለፍ ብላ ባለችው በገንዳ ውሃ ከተማ እርሻ ጽሕፈት ቤት ገብታለች። "ሐጃን ይዤ ልመጣ ነው፤ ግን መቼ እንደምንደርስ አላውቅም" አልኋት። "ኑ" አለችኝ፤ ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ፤ ኔትዎርክም ጠፋ።

ሐጃ ግን አልወጣም አሉ። "እኔ ከሄድሁ ደጄ ላይ መኪና ማን ያስቆማል?" አሉኝ። ረመዳን እንዳልሆነ፣ መኪናም እንደሌለ ብነግራቸው ወይ ፍንክች። ተቆጣሁ። ጮህሁባቸው። በመጨረሻ "ልጅቷ እየጠበቀችዎት ነው" ስል ተነሡ። ከቤቱ ሁሉ መርጠው የያዙት ያን መንገድ ዳር የሚነጠፍ የዘንባባ ምንጣፍ ነው። ጠቅልለው ብብታቸው ውስጥ አስገቡት።

መተማ ስንገባ ሰዎች ዳቦና ውሃ ሰጡን። ሐጃ እጃቸውን ወደ ኋላ ሰበሰቡ። "እኔ ስሰጥ እንጂ ስቀበል አልኖርሁም" አሉኝ። ቀስ ብለው ደግሞ፣ "ነገ እመለሳለሁ፣ ያ ቢቲ" አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። እንደሚመለሱ አውቅ ነበር። ብቻቸውን፣ በእግራቸው፣ ጦርነት ወደሚመጣበት መንደር። እንዴት እንደማስቀራቸው ግራ ገባኝ።

ወደ ገንዳ ውሃ የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርን። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ዘቅዝቃለች። ከተማው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ሾፌሩ ፍሬን ያዘና መራገም ጀመረ። ከፊታችን ሰዎች መንገዱን ዘግተዋል። ሐጃ ክንዴን ያዙኝ። ስለዚህ መንገድ እሳቸውም ሰምተዋል። "ሌቦች ናቸው?" አሉኝ። እኔም አላወቅሁም። ሳቅ አልመጣልኝም።

የተገተረው ነገር ነጠላ ነበር። አንዱን ጫፍ አንድ የማላውቀው ጎረምሳ ይዟል፤ ሌላኛውን ልጅቷ። ወፍራለች፤ ከላይ እስከ ታች ዝናብ አበስብሷታል። የትኛው መኪና ላይ እንዳለን ስላላወቀች ከጠዋት ጀምሮ የመጣውን ሁሉ ስታስቆም ነው የዋለችው። መንገዱ ዳር ከፊታችን ካለው መኪና የወረዱ መንገደኞች ቆመው ከመዳፋቸው ይበላሉ። ሊያባርራት የመጣ ፖሊስም ጉንጩ ሙሉ ነው። በሩ ሲከፈት ሐጃን አየችና "አፍጢሩ!" ብላ ጮኸች።

ገብታ አጠገባቸው ተቀመጠች። እጃቸውን ያዘች፤ በሌላው እጇ ድስቱን ጭኗ ላይ አደረገች። ንፍሮ ነው፤ ሽምብራና ስንዴ፣ ሰሊጥ ዘይት ጠብ ያለበት። ሐጃ ድስቱን አዩት። "ጾም ላይ ናት?" አሉኝ።

"ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ እትዬ፣ ጾም የለብኝም" አለች ልጅቷ። "በግም ማረድ እችል ነበር።" ከዚያ ወደ ሐጃ ዞራ በዚያ በአሮጊት ዐረብኛዋ፣ "ይኼን ቢላ አልነካውም" አለቻቸው።

ሐጃ ከሚኒባሱ ወረዱ፤ ያን ምንጣፍ ከብብታቸው አውጥተው እርጥቡ መሬት ላይ አነጠፉት፤ ድስቱን ከልጅቷ ተቀብለው መሐሉ ላይ አስቀመጡ። መጀመሪያ የጠሩት እስካሁን የሚራገመውን ሾፌር ነው። "ተፈደል!" አሉት፤ ና ብላ ማለታቸው ነው፤ ቃሉ ሳይገባው መጥቶ ተቀመጠ። ሁላችንም ስንዘግን ካዩ በኋላ እሳቸውም ዘገኑ።

ስለ መመለስ አላነሱም፤ እኔም አላስታወስኋቸው።